የብርቱካን ግራ ዓይን፦ የአኳሪየም ዓሣ ዓይኑ ሲያብጥና ሲደበዝዝ

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ በነጋበት አንድ ማለዳ፣ ለዓሦቼ ምግብ ልሰጥ የአኳሪየሙን ክዳን ሳነሣ ልጄ «ብርቱካን» ብላ የሰየመቻት ጎልድፊሽ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ወደ ላይ አልወጣችም። ከማጣሪያው ጀርባ ባለው ጥግ ክንፏን ሰብስባ ቆማ ነበር። መስታወቱን በጣቴ ነካ ነካ ሳደርግ ቀስ ብላ ዞረች፤ ያን ጊዜ ግራ ዓይኗ እንደ ራሰ ሽምብራ አብጦ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ዙሪያውን ውኃ የቋጠረ ስስ ቆዳ ከብቦት አየሁ። ቀኝ ዓይኗ ደህና ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምተርከው ጥፋት ባልደረሰ ነበር።

በዚያው ጠዋት ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው አዩና «ይቺማ የሰው ዓይን አግኝቷት ነው ልጄ፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ስታምር እየተባለች እንዴት አትታመም» አሉኝ። ቀጥለውም ለልጅ ልጃቸው ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ተርፎ እንደሆነ፣ ከፈለግሁ እንደሚያመጡልኝ ነገሩኝ። የመጀመሪያውን ምርመራቸውን በሳቅ አለፍሁት፤ ሁለተኛው ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ለትራኮማ ስንቱን ሰው የረዳ መድኃኒት ለአንዲት ዓሣ ምን ያቅተዋል ብዬ፣ ቅባቱን ትቼ ከቤታችን የመድኃኒት ሳጥን ያገኘኋቸውን አራት የቴትራሳይክሊን እንክብሎች ከፍቼ ቢጫውን ዱቄት 80 ሊትር በሚይዘው ገንዳ ውስጥ በተንሁት። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ እብጠት ያወርዳል ሲባል የሰማሁትን ኢፕሰም ጨው ደግሞ በላዩ ጨመርሁበት።

ማታ ላይ የውኃው ፊት አረፋ ያዘ። በማግስቱ ውኃው ቀጭን ሻይ መሰለ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የአኳሪየሙ መብራት ሲያርፍበት ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፤ ቴትራሳይክሊን ብርሃን ሲያገኘው እንዲህ እንደሚጠቁር ያወቅሁት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስቱም ዓሦቼ አፋቸውን ከውኃው ፊት ላይ አውጥተው አየር ይምጉ ነበር። ዱባይ የምትኖር እኅቴ በሻንጣዋ ባመጣችልኝ መለኪያ አሞኒያውን ስፈትሽ፣ ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ፈሳሽ ጉልህ አረንጓዴ ሆነ። የብርቱካን ዓይን ግን ከነእብጠቱ እንደነበረ ነበር።

ያደረግሁት ነገር በሦስት በኩል የተሳሳተ ነበር። ሐኪም ቴትራሳይክሊን ሲያዝ «ከወተት ጋር አትውሰዱት» የሚለው መድኃኒቱ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው፤ ኢፕሰም ጨው ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት ነውና፣ መድኃኒቱን በአንድ እጄ ጨምሬ በሌላው እጄ አሰርሁት ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው የመድኃኒት ኃይል የሠራው ደግሞ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። በስፖንጁ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ፣ ለአንድ አኳሪየም እንደ ጉበት የሚቆጠሩ ፍጥረታት ናቸው፤ እነርሱን ለማብቀል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ለመግደል ግን አንድ ግድየለሽ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሦስተኛውና ዋናው ስሕተት ግን ጥያቄውን ሳልጠይቅ ወደ መልሱ መሮጤ ነው፤ ያበጠው አንድ ዓይን ብቻ ነበረና።

ዓይን ማበጥ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው፤ ትኩሳት ለሰው እንደሆነው ማለት ነው። ያበጠው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነና ዓሣው በሌላ ነገሩ ደህና ከመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ምት ነው፤ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል፣ መረብ ቧጭሮታል ወይም ጓደኛው ነክሶታል። ሁለቱም ዓይኖች አንድ ላይ ሲወጡ ግን ችግሩ ከዓይን አልፎ በሰውነት ውስጥ ወይም በውኃው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የኩላሊት ድካም፣ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ፣ የተበላሸ ውኃ ወይም በውኃው ውስጥ ከመጠን በላይ የሟሟ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ይህ መለያ ሁልጊዜ የማይሳሳት አይደለም፤ አንዳንድ ኢንፌክሽን በአንድ ዓይን ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ቢሆንም እኔ ከማውቀው ሁሉ ለመጀመሪያው ሰዓት ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም።

የዓሣ ዓይን እንዴት እንደተሠራ ጥቂት ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጎልድፊሽ ሽፋሽፍትም የዓይን ቆብም የለውም፤ የዓይኑ የፊት ክፍል፣ ማለትም ኮርኒያው፣ ቀንም ሌሊትም በቀጥታ ውኃውን ይነካል። በዚያ ላይ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ሰውነቱ ከሚኖርበት ውኃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ፣ ውኃ በስንጥቡና በቆዳው በኩል ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ኩላሊቱም ይህንኑ ውኃ ቀጭን ሽንት እያደረገ ሲያስወጣ ይውላል። ኮርኒያ ብርሃን የሚያሳልፈው ክር መሰል ጭረቶቹ በሥርዓት ተደርድረው በመካከላቸው ትርፍ ውኃ ስለሌለ ነው። ላዩ ሲቧጨር ወይም አሞኒያ ሲያቃጥለው ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጭረቶቹ ይራራቃሉ፣ መስኮት የነበረው ነገር እንፋሎት የሸፈነው መስታወት ይሆናል። ከዓይን ኳሱ ጀርባ ሲመታ ደግሞ ፈሳሽ ወይም ደም እዚያ ይጠራቀምና ኳሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የብርቱካን ነገር ይኸው ነበር።

ወንጀለኛውን ያገኘሁት ገንዳውን ባዶ ሳደርግ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለጌጥ ብዬ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት፣ ዓሦቹ በመካከሉ እየሾለኩ ያልፉበታል ያልሁት የድንጋይ ቅስት፣ ከውስጥ በኩል እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የሾለ ጠርዝ ነበረው። አሁን ማንኛውንም ጌጥ ከማስገባቴ በፊት የባለቤቴን አሮጌ ስቶኪንግ በላዩና በቀዳዳው ውስጥ እጎትታለሁ፤ ክሩ ከተያዘ ድንጋዩ ወደ ግቢ ይወጣል። ቅስቱ ዛሬ የሰልቫ ችግኝ መደገፊያ ሆኗል።

ዓይንን ለመመርመር ሁለት ነገር ማድረግን ተለማምጃለሁ። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቼ በቀጥታ ከላይ ወደ ታች አያለሁ፤ ከጎን ሲታይ የማይታወቅ እብጠት ከላይ ሲታይ ሁለቱን ዓይኖች እኩል ለማነጻጸር ስለሚያስችል ወዲያው ይለያል። ቀጥሎ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ የስልኬን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን አዘንብዬ አበራለሁ። ብዥታው ላዩ ላይ ከሆነ እንደ ስስ ጭጋግ፣ አንዳንዴም እንደ ተላጠ ቆዳ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የኮርኒያ ጉዳይ ነውና ብዙውን ጊዜ ይድናል። ኮርኒያው ጥርት ብሎ ከውስጥ ክቡ ሌንስ ራሱ ነጭ ከሆነ ግን በሰው ላይ የዓይን ሞራ የምንለው ነው፤ ለዚህ በገንዳ ውስጥ የሚጨመር ምንም መድኃኒት የለም። ከዓይኑ ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ የተንጨባረረ ነገር ከወጣ ደግሞ ሻጋታ ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ በቆሰለ ቦታ ላይ ተከትሎ የሚመጣ እንግዳ እንጂ የመጀመሪያው ጠንቅ አይደለም።

ከሐይቅ በጀሪካን ትንንሽ ቆሮሶ አምጥተው በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ሌላም ምክንያት ሊያስቡ ይገባል። ከውኃ ወፍ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ የሚተላለፍ፣ በመጨረሻም በዓሣው ሌንስ ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን የሚያነጣ ጥቃቅን ትል አለ። ወፍ በሌለበት የቤት ገንዳ ውስጥ ኑሮውን መፈጸም ስለማይችል ከዓሣ ወደ ዓሣ ይዛመታል ብሎ መሥጋት አያስፈልግም። በቆሮሶ እርባታ በዓለም ዙሪያ የሚፈራው ሌላው ነገር ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ዓሣው ሁለቱም ዓይኖቹ ወጥተው፣ ደብዝዘውና በደም ተከበው እየተሽከረከረ ሲዋኝ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነው።

ጥቁሩን «ሻለቃ»ን በተመለከተ አንድ ነገር ላስገባ። ሻለቃ ጥቁር ሙር የሚባለው የጎልድፊሽ ዝርያ ነው፤ ዓይኖቹ እንደ መነጽር ወደ ውጭ የወጡት ተፈጥሮው ሆኖ ነው፤ በዘር ተመርጦ እንዲህ እንዲሆን ተደርጎ የተዋለደ ዓሣ ነው። ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ እርሱን አይቶ ያዝናል። ለእንዲህ ያለው ዓሣ መለኪያው ለውጥ ነው፤ ትናንት ከነበረው ዛሬ ጨምሯል ወይ፣ አንዱ ከሌላው በልጧል ወይ፣ ጥራቱን አጥቷል ወይ። የማየት አቅሙም ደካማ ስለሆነ ከሹል ነገር ጋር የመጋጨት ዕድሉ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያ ቅስት ሻለቃን ሳያገኘው ብርቱካንን ማግኘቱ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው የዓይን ችግር አሥር ጊዜ ቢገጥመው አብዛኛው ከውኃ ጋር የተያያዘ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በውጭ አገር ለስንት ሊትር ስንት ዓሣ ተብሎ የተጻፈው ልክ እዚህ ልክ አይሆንም። ለሦስት ጎልድፊሽ 80 ሊትር የትም አገር ቢሆን ጠባብ እንደሆነ እያወቅሁ እንዲህ ማለቴ ለራሴም ያሳፍረኛል፤ ዛሬ ገንዳው ተቀይሯል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቧንቧው ለቀናት ደርቆ ሰንብቶ ውኃው ሲለቀቅ መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ይወርዳል፣ ከዚያ በጥቃቅን የአየር አረፋ የተነሣ ወተት የመሰለ ውኃ ይመጣል። ያንን ወተት የመሰለ ውኃ በቀጥታ ወደ ገንዳ መልቀቅ በግፊት የሟሟ ጋዝን ወደ ዓሣው ሰውነት መላክ ነው። የዓሣ ዓይን ሬቲናውን ለመመገብ ከጀርባው ኦክስጅንን በከፍተኛ ግፊት የሚያጠራቅም የደም ሥሮች መረብ ስላለው፣ ትርፍ ጋዝ ሲኖር አረፋ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ዓይን ነው። በክንፎቹ ጭረት መካከል ወይም በኮርኒያው ሥር እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ አረፋዎች ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ያለፈው የውኃ ቅያሬ እንዴት እንደነበረ አስታውሱ። መድኃኒቱ ውኃውን በባልዲ ቀድቶ፣ የአየር ፓምፕ ገጥሞ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው።

ማሳደሩ ክሎሪኑንም ያስወጣል፤ ክሎሪን የስንጥብንና የኮርኒያን ላይ የሚያቃጥል በመሆኑ ከዓይን መደብዘዝ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ሆኖ የቆየ ውኃ ይበቃዋል፤ ለመቸኮል ጊዜ ግን ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ማከሚያ ጠብታ ቢኖር ይመረጣል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይህን የማሳደር ልማድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ተጠንቀቁ፤ ዋሽንግተን ዲሲን የመሰሉ ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ስለሆነ በማሳደር አይወጣም፣ ማከሚያ ጠብታ የግድ ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድብ ውኃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ጋር አንድ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል፤ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ይበዛዋል። የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ በአንዱ ሰፈር ዓሣ የሚታገሠው አሞኒያ በሌላው ሰፈር ዓይን ያጠፋል። መለኪያው ላይ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት፤ እኔ 20 ስደርስ እቀይራለሁ።

ብርቱካንን በመጨረሻ ያከምሁት እንዲህ ነው። ገንዳውን በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በግማሽ ቀየርሁ፤ ሁለተኛ አኳሪየም ካለው ወዳጄ አንድ የቆሸሸ ስፖንጅ ለምኜ በማጣሪያዬ ውስጥ ጨመርሁ፤ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ስፖንጅ በስጦታ መቀበል ከወርቅ ይበልጣል። እርሷን ብቻ 20 ሊትር በሚይዝ ነጭ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ያለ ጠጠርና ያለ ጌጥ፣ በትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ አስቀመጥኋት። ብርሃን እንዳይረብሻትና የነሐሴ ሌሊት ውኃውን ድንገት እንዳያቀዘቅዘው አሮጌ ጋቢ በግማሹ ላይ ጣል አደረግሁበት። ለብቻ ያስቀመጥኋት በሽታ እንዳታስተላልፍ ፈርቼ አይደለም፤ ያበጠ ዓይን ለሌሎች ዓሦች ምግብ ስለሚመስላቸው ይቦጭቁታል።

ኢፕሰም ጨው ለ20 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ብዬ ጀመርሁ፤ ለዚህ ያህል ውኃ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አሳልፌ አላውቅም። ፋርማሲ ውስጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ተብሎ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ነጭ መራራ ጨው ነው፤ ለእግር መዘፍዘፊያ ተብሎ ሽቶና ቀለም የተጨመረበት ግን አይሆንም። በአንድ ብርጭቆ የገንዳ ውኃ አሟሙቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት አፈሰስሁት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ጨው እንደ ውኃ አይተንም፣ ስለዚህ በየቀኑ ሩብ ያህል ውኃ ስቀይር የምጨምረው ያወጣሁት ውኃ ይዞት የሄደውን ያህል ብቻ ነው። በየቀኑ ሙሉ ማንኪያ የጨመረ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ዓሣውን በጨው ጓዳ ውስጥ ያገኘዋል።

ኢፕሰም ጨውና የወጥ ጨው አንድ አይደሉም። ኢፕሰም በእብጠቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ለመሳብ ይረዳል። የወጥ ጨው በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ሲጨመር የዓሣውን ኩላሊት ድካም ይቀንሳል፣ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባም ይከላከላል፤ ለደበዘዘ ኮርኒያ የምጠቀመው ይህንን ነው፣ ላበጠ ዓይን ግን አይበጅም። አዮዲን ያለበት መሆኑ የሚያስፈራቸው አሉ፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከአፍዴራ የመጣው የሱቅ ጨው ምንም አላደረገኝም። አሞሌ ግን ምን ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ለከብቱ ይቅር።

እብጠቱ በአምስተኛው ቀን መቀነስ ጀመረ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓይኗ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። በሳፋው ውስጥ አንዲት ጠብታ አንቲባዮቲክ አልነካትም። አንዳንዱ ዓሣ ሳምንታት ይፈጅበታልና በሦስተኛው ቀን ለውጥ ስላልታየ መድኃኒት መደራረብ አይገባም። አንቲባዮቲክ ቦታው ሁለቱም ዓይኖች ሲያብጡና ከዚያ ጋር ሌላ ምልክት፣ ማለትም በክንፍ ሥር የደም መስመር፣ ቁስል ወይም ምግብ መተው ሲኖር ነው፤ እርሱም በእንስሳት ሐኪም ምክር፣ በተለየ ገንዳ፣ ዓሣው የሚበላ ከሆነ በምግቡ ተለውሶ፣ ተጀምሮም ሳይቋረጥ። በቤት ሳጥን የተገኘ እንክብል በግምት መበተን ዓሣውንም አይጠቅም፣ ወደ ፍሳሽ የሚደፋው ውኃም መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ማራቢያ ይሆናል።

ሁለቱም ዓይን ሲያብጥ ያየሁት «ሎሚ» በምትባለው ዓሣዬ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ሰፈራችን ውኃ በማጣቱ ለአምስት ሳምንት ያህል የገንዳውን ውኃ ሳልቀይር፣ የተነነውን ብቻ እየተካሁ ቆይቼ ነበር። ሎሚ መጀመሪያ ዓይኖቿ እኩል ወጡ፤ በአራተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ፤ ከዚያ ቅርፊቶቿ እንደ ተቆጣ ጃርት እሾህ ቆሙ። ይህ የመጨረሻው ምልክት ኩላሊቱ ውኃ ማስወጣት ሲያቅተው የሚመጣ ነው፤ ከዚያ ደረጃ የሚመለስ ዓሣ ጥቂት ነው። ናይትሬቱን ስለካ ካርታው ላይ ካሉት ቀለሞች በጠቆረው ላይ አረፈ። ውኃ ቀየርሁ፣ ኢፕሰም ጨመርሁ፤ ነገር ግን መብላት አቁማ ጎኗ ላይ ስትተኛ ከዚህ በላይ ማሰቃየቱ ልክ አልመሰለኝም። የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ አሽቼ እስኪነጣ ድረስ በጥብጬ በሳፋው ውስጥ ጥቂት በጥቂት አፈሰስሁ፤ መጀመሪያ ደነዘዘች፣ ቀጥሎ ስንጥቧ መንቀሳቀስ አቆመ፣ እኔም ከዚያ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያው ተውኋት። ቤቱ ሁሉ የበዓል ሻይ ሸተተ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እንግዳ መጥቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዘላቂ የዓይን እብጠትና መክሳት አንድ ላይ ከታዩ የዓሣ ሳንባ ነቀርሳ የሚባለውም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያመጣው ባክቴሪያ በተቆረጠ ጣት በኩል ገብቶ በሰው ቆዳ ላይ ለወራት የማይድን እባጭ ያወጣል። እጄ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ሳላደርግ ገንዳ አልነካም። ውኃ ለመቅዳትም ጎማውን እንደ ቤንዚን በአፌ መሳብ ትቻለሁ፤ ጎማውን በውኃ ሞልቶ ጫፉን በአውራ ጣት ደፍኖ ማውረድ እኩል ይሠራል።

ምግቡን በአጭሩ ለመናገር፣ ለረጅም ጊዜ በቫይታሚን ኤ እና በቢ ሁለት እጥረት የተጎዳ ዓሣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ክዳኑ ከተከፈተ ዓመት ያለፈው የምግብ ቆርቆሮ ቀለሙ ቢኖርም ቫይታሚኑ አልቋል፤ ትንሹን ቆርቆሮ ቶሎ ቶሎ መግዛት ይሻላል። ቅርፊቱ የተላጠ የተቀቀለ አተር በሳምንት አንድ ጊዜ እሰጣለሁ። የእንጀራ ፍርፋሪ የሚሰጡ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዓሣው በደስታ ይበላዋል፣ ቀሪው ግን ከጠጠሩ ሥር ገብቶ አሞኒያ ይሆናል።

የብርቱካን እብጠት ቢወርድም ግራ ዓይኗ አያይም። በሌንሱ መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀርታለች፤ የእጄን ጥላ በዚያ በኩል ሳሳልፍ አትደነግጥም። ዓሣ በጎኑ በተሰመረው የስሜት መስመር የውኃውን እንቅስቃሴ ስለሚያውቅና ማሽተትም ስለሚችል፣ አንድ ዓይን ያጣ ጎልድፊሽ ብዙ ዓመት ይኖራል። መጀመሪያ አካባቢ ሻለቃ ምግቡን እየቀደመ ይጨርስባት ነበር፤ እርሱም በደንብ አያይ፣ እርሷም በግማሽ ታይ፣ ሁለቱ አንድ ፍሬ ምግብ ሲፈልጉ ሲጋጩ ማየት ያሳዝናልም ያስቃልም። ልጄ መላ አገኘችለት። ለሻለቃ የሚሆነውን በግራ ጥግ ትበትንና ክዳኑን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ብርቱካን ድምፁን ስትሰማ ትዞራለች፣ ቀኝ ዓይኗን ወደ መስታወቱ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ልጄም ከዚያ በኋላ በቀኝ በኩል ትጥልላታለች።